ሥራ ፈጣሪነት በትውልድ ነው ወይስ በትምህርት? ከሮችዴል ሸማኔዎች እስከ ኢትዮጵያ ቡና ገበሬዎች

አንድ ሰው በእርሻም ሆነ በንግድ ሥራው ሲሳካለት በአካባቢው የሚሰጠው ምስክርነት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «ሲፈጥረው ነጋዴ ነው» ይባላል፤ ወይም «ዕድሉ ነው» ተብሎ ይታለፋል። አባባሉ ሲሰሙት ምስጋና ይመስላል። በውስጡ የያዘው ሐሳብ ግን ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ጎጂ ነው። ሥራ ፈጣሪነት አብሮ የሚወለድ ስጦታ ከሆነ አባላትን ማሠልጠን ትርጉም አይኖረውም። የማኅበሩም ዕጣ አንድ ብልህ ሥራ አስኪያጅ እስኪመጣ መጠበቅ፣ ሲመጣም ሁሉን ለእርሱ መተው፣ ሰውየው በለቀቀ ማግስት ደግሞ መዳከም ይሆናል። ስለሆነም የተሳካላቸው ሥራ ፈጣሪዎች ባሕርይ ከየት እንደሚመጣና በትምህርት ሊገኝ ይችል እንደሆነ ታሪክን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ገበሬ በሥራ ፈጣሪዎች መዝገብ

«ኢንተርፕረነር» የፈረንሳይኛ ቃል ሲሆን አንድን ሥራ በራሱ ኃላፊነት የሚጀምርና የሚያካሂድ ሰው ማለት ነው። ቃሉን ለኢኮኖሚ ትምህርት ካስተዋወቁት ሰዎች ቀዳሚው ሪቻርድ ካንቲሎን ነው። ካንቲሎን በትውልዱ አየርላንዳዊ፣ በሥራው የፓሪስ ባንከኛ ነበር። መጽሐፉ የታተመው ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1755 ነው። በእርሱ አገላለጽ ኢንተርፕረነር ማለት ወጪውን ዛሬ በታወቀ ዋጋ አውጥቶ ምርቱን ነገ ባልታወቀ ዋጋ የሚሸጥ ሰው ነው። ለዚህ ከሰጣቸው ምሳሌዎች ፊተኛው ነጋዴ ሳይሆን ገበሬ ነው። ገበሬ ለባለ መሬቱ ቁርጥ ያለ ኪራይ ለመክፈል ይዋዋላል፤ አዝመራው ምን ያህል እንደሚሆንና ገበያው በስንት እንደሚቀበለው ግን አያውቅም።

ይህ ለኢትዮጵያ ገበሬ እንግዳ ነገር አይደለም። የማዳበሪያውንና የምርጥ ዘሩን ዋጋ ሰኔ ላይ ያውቀዋል። የጤፉን ዋጋ የሚያውቀው ግን ወቅቶና አበጥሮ ጥር ላይ ገበያ ሲወጣ ነው። በመካከሉ ዝናብ አለ፣ ዋግ አለ፣ ተምች አለ። ስለዚህ ገበሬን «ሥራ ፈጣሪ አይደለም» ማለት ቃሉ ከተነሣበት ትርጉም ጋር አይሄድም።

ከካንቲሎን በኋላ ብዙ ሊቃውንት በጉዳዩ ጽፈዋል። ከእነርሱ መካከል ኦስትሪያዊው ዮዜፍ ሹምፔተር እ.ኤ.አ. በ1911 ባሳተመው መጽሐፍ የሥራ ፈጣሪን ተግባር በአምስት ከፍሎታል። እነዚህም አዲስ ምርት ማቅረብ፣ አዲስ የአመራረት ዘዴ መጠቀም፣ አዲስ ገበያ መክፈት፣ አዲስ የጥሬ ዕቃ ምንጭ ማግኘት እና አዲስ አደረጃጀት መፍጠር ናቸው። የኅብረት ሥራ ማኅበር በዚህ በአምስተኛው ሥር ይመደባል። ተበታትነው የሚሸጡ ገበሬዎችን በአንድ ሚዛንና በአንድ መጋዘን ማሰባሰብ ራሱ ሥራ ፈጠራ ነው።

የሮችዴል ሸማኔዎች

የዘመናዊ ኅብረት ሥራ ታሪክ ሲነሣ ቀድማ የምትጠቀሰው በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ከተማ አቅራቢያ የምትገኘው ሮችዴል ናት። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ የከተማዋ ሸማኔዎች ኑሮ እጅግ ከፍቶ ነበር። ደመወዝ ለማስጨመር ያደረጉት ትግል ሳይሳካ ቀርቷል። የሚሸምቱት እህልም ንጹሕ አልነበረም። ባለ ሱቆች ዱቄት ላይ ባዕድ ነገር መቀላቀላቸውና ሚዛን ማጉደላቸው የተለመደ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1844 ዓ.ም. 28 ሰዎች ተሰባስበው ማኅበር አቋቋሙ። እያንዳንዱ አባል አንድ ፓውንድ ማዋጣት ነበረበት። አንድ ፓውንድ በአንድ ጊዜ መክፈል የሚችል ስላልነበረ በየሳምንቱ 2 ፔንስ እያሉ አጠራቀሙ። የኢትዮጵያ ገበሬ ዕቁብ ሲጥል እንደሚያደርገው ማለት ነው። በዚህ ዓይነት 28 ፓውንድ ሞላ። ታኅሣሥ 21 ቀን 1844 እ.ኤ.አ. ቶድ ሌን በተባለ መንገድ ላይ ሱቃቸውን ከፈቱ። በሱቁ ውስጥ የነበረው ሸቀጥ 3 ኩንታል ያህል ዱቄት፣ 25 ኪሎ ግራም ያህል ስኳር፣ 13 ኪሎ ግራም ያህል ቅቤ፣ አንድ ጆንያ የአጃ ዱቄት እና 24 ሻማ ብቻ ነበር። መንገደኛው አፌዘባቸው። ሱቁ መጀመሪያ ላይ የሚከፈተውም በሳምንት ሁለት ምሽት ብቻ ነበር።

እነዚህ ሰዎች ከሌላው ድሃ ሸማኔ በምን ተለዩ? በትውልድ አልነበረም። ሀብትም አልነበራቸውም። ልዩነቱ በአሠራራቸው ውስጥ ይታያል።

በመጀመሪያ ደረጃ ከውድቀት ተምረዋል። በዚያው በሮችዴል፣ በዚያው በቶድ ሌን፣ ከእነርሱ በፊት እ.ኤ.አ. በ1833 የተከፈተ የኅብረት ሱቅ ነበር። ሱቁ በዱቤ ይሸጥ ስለነበር ዱቤው ሳይመለስ ቀርቶ በ1835 ተዘጋ። ከአዲሶቹ መሥራቾች አንዳንዶቹ በዚያ ውስጥ ነበሩበት። ቂም ይዘው ወይም ተስፋ ቆርጠው አልቀሩም፤ ምክንያቱን ለይተው «ሽያጭ በእጅ በእጅ ብቻ» የሚል ደንብ አወጡ። በሁለተኛ ደረጃ ጥራትን የማይደራደሩበት ነገር አደረጉ። ንጹሕ ዕቃ፣ ሙሉ ሚዛን የሚለው የሱቁ መታወቂያ ሆነ። በሦስተኛ ደረጃ ትርፉን እንዴት እንደሚያከፋፍሉ አስቀድመው አሰቡ። ባዋጣው ገንዘብ ልክ ቢካፈሉ ሀብታሙ ይጠቀማል፤ እኩል ቢካፈሉ ደግሞ ከሱቁ የማይገዛው ከሚገዛው ጋር እኩል ይሆናል። ስለዚህ ድርሻው አባሉ ከሱቁ በገዛው መጠን እንዲሆን ወሰኑ። ድምፅ ግን አንድ ሰው አንድ ድምፅ ሆነ። ያገባች ሴት በሕግ በራሷ ስም ንብረት መያዝ በማትችልበት ዘመን ሴቶችን በአባልነት ተቀበሉ።

በ1849 እ.ኤ.አ. በከተማዋ የነበረው የቁጠባ ባንክ በማጭበርበር ምክንያት ሲከስር ሕዝቡ ገንዘቡን የሚያምነው ለማን እንደሆነ ታየ። የማኅበሩ አባላት ቁጥር በአንድ ጊዜ አደገ። በ1860 እ.ኤ.አ. 28 የነበሩት አባላት 3,450 ደርሰው ነበር።

ትምህርት ያለበትና ትምህርት የጎደለበት ማኅበር

ስለ ሮችዴል ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ነገር አለ። ማኅበሩ ከሱቁ በላይ ባለው ክፍል ጋዜጣና መጽሐፍ የሚነበብበት ቤት ከፍቷል። በ1850ዎቹ ደግሞ ከትርፉ 2.5 በመቶ ለአባላት ትምህርት እንዲመደብ ደንግጓል። ቀን ሲሸምን የዋለ ሰው ማታ ሒሳብ ይማር፣ ጋዜጣ ያነብ፣ በጉባኤም ተነሥቶ ይጠይቅ ነበር። በአንድ ሰው ላይ የነበረው ጥንቃቄ ወደ ብዙ ሰዎች የተሸጋገረው በዚህ መንገድ ነው።

የዚህ ተቃራኒም በዚያችው ከተማ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1854 ከማኅበሩ ጋር ትስስር ያላቸው ሰዎች የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማኅበር አቋቁመው ሠራተኛው ከትርፉ እንዲካፈል ደንግገው ነበር። ፋብሪካው ሲያተርፍ አክሲዮን የሚገዛ አዲስ ሰው በዛ። አዲሶቹ የመጡት ለትርፍ ድርሻ ሲሆን የማኅበሩን ዓላማ የተማሩ አልነበሩም። በ1862 የሠራተኛውን ድርሻ በድምፅ ብልጫ ሰረዙት። ፋብሪካው በገንዘብ አልከሰረም፤ በኅብረት ሥራነቱ ግን እዚያ ላይ አበቃ። መሥራቾቹ ጠንካሮች ነበሩ። ከእነርሱ በኋላ የገባው ሰው ያንን ባሕርይ እንዲወርስ የተዘረጋ ትምህርት አለመኖሩ ግን ዋጋ አስከፍሏል።

ባሕርይን ማስተማር ይቻላል?

ይህን ጥያቄ በጥናት ለመመለስ የሞከረው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ዴቪድ ማክሌላንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው መጽሐፍ አንዳንድ ሰዎች ሥራን ከዳር ለማድረስና ከትናንት የተሻለ ለመሥራት ያላቸው ፍላጎት ከሌላው ይበልጥ የጠነከረ መሆኑን ገልጿል። ይህን ለማሳየት የሚጠቀሰው አንድ ጨዋታ አለ። ሰዎች ቀለበት ወርውረው እንጨት ላይ እንዲያጠልቁ ይደረጋል፤ የሚቆሙበትን ርቀት የሚመርጡት ራሳቸው ናቸው። አንዳንዱ አጠገቡ ቆሞ ያለ ድካም ያጠልቃል። አንዳንዱ እጅግ ርቆ ለዕድል ይወረውራል። የሥራ ፍላጎታቸው የጠነከረው ግን መካከለኛ ርቀት ይመርጣሉ። ከባድ ነው፣ ግን በጥረት የሚቻል ነው።

በእርሻ ሥራም ይኸው ይታያል። አዲስ ዘር ሲመጣ አንዱ ገበሬ «የአባቴ ዘር ይበቃኛል» ብሎ ይተወዋል። ሌላው ማሳውን በሙሉ ይዘራውና ያልሆነ እንደሆነ ልጆቹን ያስርባል። ሦስተኛው ከማሳው አንድ ጥግ ከፍሎ ይሞክራል፣ ከነባሩ ዘር ጋር ያስተያያል፣ በሚቀጥለው ዓመት ይወስናል። የሥራ ፈጣሪ ድፍረት የሚባለው ይህ የሦስተኛው ነው።

ማክሌላንድ ባሕርይው በትምህርት ይመጣ እንደሆነ ለመፈተን ወደ ሕንድ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1964 እና በ1965 ካኪናዳ ከምትባል ከተማ የተውጣጡ 52 አነስተኛ ነጋዴዎችና ባለሙያዎች በሃይደራባድ አጭር ሥልጠና ወሰዱ። ሥልጠናው ግብ ማውጣትን፣ ስጋትን ማስላትን፣ የራስን ሥራ መመርመርን የሚያለማምድ ነበር። በሕንድ በተካሄዱት ሥልጠናዎች ከተሳተፉት መካከል ግማሽ ያህሉ በሚቀጥሉት ዓመታት ሥራቸውን በሚታይ ሁኔታ ሲያስፋፉ፣ ካልሠለጠኑት ይህን ያደረጉት ሩብ ያህሉ ብቻ ነበሩ።

በጉዳዩ ላይ ትችትም ቀርቧል። ዊልያም ጋርትነር የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣው ጽሑፍ «ሥራ ፈጣሪ ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ስህተት መሆኑን፣ ትክክለኛው ጥያቄ «ሥራ ፈጣሪ ምን ያደርጋል?» የሚለው መሆኑን አስረድቷል። ትችቱ ለትምህርቱ ጠቅሟል። ሰውን «አለው» ወይም «የለውም» ብሎ ከመለየት ይልቅ ሊለመድ የሚችለውን ድርጊት ወደ መቁጠር እንዲሄድ አግዟልና። በዚያው ዓመት በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አማካይነት በአርጀንቲና የተጀመረው ኤምፕሬቴክ የተባለው ሥልጠና አሥር ባሕርያትን ይዞ ተነሣ። እነርሱም ዕድልን መፈለግና ቀድሞ መነሣት፣ አለመታከት፣ ለገቡት ቃል መታመን፣ ጥራትና ቅልጥፍና፣ የተሰላ ድፍረት፣ ግብ ማውጣት፣ መረጃ መሻት፣ ማቀድና መከታተል፣ ማሳመንና ግንኙነት መፍጠር፣ በራስ መተማመን ናቸው። ይኸው ሥልጠና ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ በተቋቋመው የኢንተርፕረነርሺፕ ልማት ማዕከል አማካይነት በኢትዮጵያም ተሰጥቷል።

ከአፍሪካ የተገኘ ሌላ ማስረጃም አለ። በቶጎ ዋና ከተማ በሎሜ 1,500 አነስተኛ ነጋዴዎች በሦስት ተከፍለው አንዱ ክፍል የተለመደውን የሒሳብና የንግድ አያያዝ ሥልጠና፣ ሌላው ቀድሞ የመነሣትና ያለመታከት ሥልጠና ወሰደ። ሦስተኛው አልሠለጠነም። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመው ውጤት መሠረት ባሕርይን ያሠለጠነው ትምህርት ትርፋቸውን 30 በመቶ ሲያሳድግ፣ የተለመደው ሥልጠና ያስገኘው ጭማሪ 11 በመቶ ሆኖ እርሱም በእርግጠኝነት የሚወሰድ አልነበረም።

የኢትዮጵያ ልምድ

ኢትዮጵያውያን ተባብሮ መሥራትን ከውጭ አልተማሩትም። ደቦ፣ ዕቁብና ዕድር የቆዩ ናቸው። በዕቁብ ቃል ማክበር፣ በዕድር ገንዘብ መያዝና መዝገብ ማስቀመጥ ይለመዳል። በሕግ የተደገፈው ኅብረት ሥራ የጀመረው ግን በ1953 ዓ.ም. በወጣው ድንጋጌ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1966 በአዋጅ ቁጥር 241 ተጠናክሯል።

በደርግ ዘመን የሆነውን ዕድሜያቸው የገፋ አባላት ያስታውሱታል። የአምራቾች ማኅበራት መልባ፣ ወልባና ወላንድ እየተባሉ ሲደራጁ በብዙ ቦታ አባልነቱ በውዴታ አልነበረም። የሚዘራው በዕቅድ ይወርዳል፣ ምርቱም በኮታ፣ በተተመነ ዋጋ ይሰበሰባል። ዋጋ የማይደራደር፣ ገበያ የማይመርጥ፣ ትርፍና ኪሳራውን የማያይ ገበሬ ሥራ ፈጣሪነትን የሚለማመድበት ቦታ አልነበረውም። የካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅና መውጣት ሲፈቀድ አብዛኞቹ የአምራቾች ማኅበራት በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሱ። ያተረፉት ሕንፃና ትራክተር ነበር፤ የእኔ ነው ብሎ የሚከላከል አባል ግን አላፈሩም።

አዲሱ ምዕራፍ የተከፈተው በ1991 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 147 ነው። አዋጁ በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 985 ቢተካም በፈቃደኝነት መደራጀትን፣ አንድ አባል አንድ ድምፅን፣ የአባላትን ትምህርት ከመርሆቹ መካከል አድርጎ ነበር። በዚያው ዓመት የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን በ34 መሠረታዊ ማኅበራት ተመሠረተ። መሥራችና ሥራ አስኪያጅ የነበሩት አቶ ታደሰ መስቀላ በጃፓን በነበራቸው ሥልጠና የዚያ አገር ገበሬዎች በማኅበራቸው አማካይነት ምርታቸውን እንዴት እንደሚሸጡ ተመልክተው ነበር። መረጃ መሻት የሚባለው ባሕርይ ይህ ነው።

ጊዜው ግን አስቸጋሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 የዓለም የቡና ዋጋ ለአሥርተ ዓመታት ወዳልታየ ዝቅታ ወረደ። በሐረርጌ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለ ገበሬ ብዙ ነው። በዚያ ጊዜ ገደማ ዩኒየኖች በጨረታ ማዕከል ሳያልፉ በቀጥታ ለውጭ ገዢ እንዲሸጡ ተፈቀደ። በፍትሐዊ ንግድና በኦርጋኒክ ምስክር ወረቀት የተሸጠው ቡና ከተራው የተሻለ ዋጋ አገኘ። ከተገኘው ተጨማሪ ገንዘብም ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና ንጹሕ ውኃ ተሠራ። የሲዳማና የይርጋ ጨፌ ዩኒየኖችም ተከትለው ተቋቋሙ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የአንድ ሥራ አስኪያጅ ጥረት ትልቅ ቦታ አለው። ነገር ግን ገዢን ያሳመነ ሰው ሁለተኛ ጊዜ ሊያሳምን የሚችለው የተላከው ቡና ቃሉን ሲመስል ነው። ያን የሚወስነው እያንዳንዱ ገበሬና ቤተሰቡ ነው። ቀዩን እሸት ከአረንጓዴው ለይቶ መልቀም፣ የተለቀመውን በዚያው ዕለት መፈልፈያ ማድረስ፣ በአልጋ ላይ እያገላበጡ ማድረቅ ያስፈልጋል። አንድ ከረጢት ጥሬ እሸት የጎረቤቱንም ቡና ያበላሻል። ስለዚህ በኅብረት ሥራ ውስጥ ሥራ ፈጣሪነት የሁሉም አባል ባሕርይ ካልሆነ የአንዱ ብቻ ሆኖ ሊዘልቅ አይችልም።

ማኅበሩ እንደ ትምህርት ቤት

በማኅበራት የሚሰጠው ሥልጠና በአብዛኛው የአዋጁንና የመተዳደሪያ ደንቡን አንቀጾች ማንበብ ነው። ይህ አስፈላጊ ነው፣ ግን አይበቃም። ባሕርይ የሚለመደው በድርጊት በመሆኑ ትምህርቱም ከማኅበሩ የዕለት ሥራ ጋር መያያዝ ይኖርበታል።

ለቃል መታመንን እንመልከት። አባሉ ምርቱን ለማኅበሩ ለማስረከብ ይስማማል። በመኸር ወቅት ነጋዴ ደጁ ድረስ መጥቶ በኪሎ ጥቂት ሳንቲም ሲጨምርለት ይሸጥለታል። ዩኒየኑ የተዋዋለውን መጠን ማቅረብ ሲያቅተው ገዢው ይሸሻል፤ በሚቀጥለው ዓመት ተፎካካሪ ሲያጣ ነጋዴውም ዋጋውን ያወርዳል። ይህን ጉዳይ በገበሬ ማሠልጠኛ ማዕከል በእውነተኛ ቁጥር አስልቶ ማሳየት ከብዙ ምክር ይበልጣል። ማኅበሩም በበኩሉ ክፍያ ሳያዘገይ፣ ሚዛን ሳያጎድል ቃሉን መጠበቅ አለበት። መታመን ከአንድ ወገን ብቻ አይጠየቅም።

መረጃ መሻትም እንዲሁ ነው። በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ የገበያ ዋጋን በስልክ መስማት የሚቻልበት መንገድ ተከፍቷል። ወጣት አባላት የሳምንቱን ዋጋ መዝግበው በመጋዘኑ በር ላይ እንዲለጥፉ ማድረግ ወጪ የሌለው ትምህርት ነው። ግብ ማውጣትና መከታተል ደግሞ በሒሳብ ይጀምራል። አባሉ የዓመቱን ሒሳብ አንብቦ «ይህ ወጪ ምንድን ነው?» ብሎ በጉባኤ ሲጠይቅ ማኅበሩን ከምዝበራ ይጠብቃል፤ የራሱንም ማሳ ወጪ ማስላት ይለምዳል።

ሴቶችም ሊዘነጉ አይገባም። በብዙ ማኅበራት አባልነቱ የተመዘገበው በቤተሰቡ ኃላፊ ስም በመሆኑ ቡናውን የምትለቅመውና የምታደርቀው ሴት በጉባኤው አትገኝም። ጥራቱ በእጇ ያለ ሰው ከሥልጠናው ውጭ ከሆነች ሥልጠናው ለማን እንደሆነ መጠየቅ አለበት። ሮችዴል ሴቶችን ስትቀበል ጊዜው የአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነበር።

ማጠቃለያ

ታሪኩ ሲጠቃለል ሰዎች በጠባይ የተለያዩ ሆነው ቢወለዱም ለሥራ የሚያበቁት ልማዶች በትምህርትና በልምምድ እንደሚገኙ ያሳያል። የሮችዴል ሸማኔዎች ከከሰረ ሱቅ ተምረዋል፤ የካኪናዳና የሎሜ ነጋዴዎች በሥልጠና ተሻሽለዋል፤ የኢትዮጵያ ቡና ገበሬዎችም ዕድሉ ሲሰጣቸው ከዓለም ገበያ ጋር ተደራድረዋል። ትምህርት የጎደለበት ማኅበር ግን ሕንፃ ቢኖረውም እንደማይዘልቅ ከሮችዴል ፋብሪካና ከደርግ ዘመን ማኅበራት ታይቷል።

የምሥረታ በዓል ያለፈውን ከማወደስ ባሻገር የሚመጣውን ለመመዘን ይረዳል። የየማኅበሩ ሥራ አመራር ኮሚቴና የወረዳ የኅብረት ሥራ ባለሙያዎች አንድ ጥያቄ ለራሳቸው ቢያቀርቡ መልካም ነው። ሥራ አስኪያጁ ነገ ቢለቅ ሒሳቡን አንብቦ፣ ገዢውን አነጋግሮ፣ አባላቱን አስተባብሮ ሥራውን የሚያስቀጥል ስንት አባል አለ? ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ለአባላት ትምህርት የሚመደበው ገንዘብ በአጀንዳው መጀመሪያ ላይ መቀመጥ ይገባዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው ሁሉ፣ ድሩ እንዲያብር እያንዳንዱ ክር መፈተል አለበት።